ለጠያቂው የሚፈርድ ሽማግሌ

በቻትቦት ላይ የሚነሣው ቅሬታ ከሁሉም ወገን ነው። በክርስቲያኖች የቴሌግራም ቡድኖች የሚዘዋወረው ስክሪንሾት፣ ቻትቦቱ ስለ ኢየሱስ ቀልድ አምጣ ሲሉት ወዲያው እንደሚያመጣ፣ ስለ ነቢዩ ሙሐመድ ሲሉት ግን ይቅርታ ጠይቆ እንደሚያፈገፍግ ያሳያል። በሙስሊሞች ዘንድ የሚነሣው ቅሬታ ደግሞ ስለ ተክሊል ሲጠየቅ ሥርዓቱን አሳምሮ ይተርካል፣ ስለ ኒካህ ሲጠየቅ ግን ማንም ሳይጠይቀው ስለ ሴቶች መብት ማሳሰቢያ ይጨምርበታል የሚል ነው። ነገሩ በእኛ አልተጀመረም። ቻትጂፒቲ ለሕዝብ ከተለቀቀ ሁለት ወር ሳይሞላው፣ እ.ኤ.አ. በጃንዋሪ 2023፣ በክሪሽና ይቀልዳል በሌሎች ሃይማኖቶች ግን አይቀልድም ተብሎ ሕንድ ውስጥ ቁጣ ተነሥቶበት ነበር።

ሁሉም ማስረጃ አለው፤ ሁሉም ማስረጃውን ያየው ግን በራሱ ሰፈር ነው። በእኔ እምነት ቅሬታው መሠረት አለው፣ ክሱ ግን ቦታውን ስቷል። ማሽኑ ከየትኛውም ሃይማኖት ጋር የተለየ ጠብ የለውም። በሃይማኖት ጥያቄ የሚያዳላው ለሠሩት ሰዎች አገር ልማድ ነው፤ በትዳር ጥያቄ የሚያዳላው ደግሞ ስልኩን ለያዘው ሰው ነው። ሁለተኛው ከመጀመሪያው ይከፋል። በሁለተኛው ላይ ግን ስክሪንሾት አንሥቶ የሚከስ አይገኝም፣ ምክንያቱም ተጠቃሚው ከሳሽ ሊሆን ይችል የነበረው ሰው ራሱ ነው።

ከመጀመሪያው እንነሣ። እ.ኤ.አ. በ2021 አቡበከር አቢድ የተባለ የስታንፎርድ ተመራማሪ ከባልደረቦቹ ጋር አንድ ሙከራ ይፋ አደረገ። ከቻትጂፒቲ በፊት የነበረውን ጂፒቲ-3 የተባለ ሞዴል «ሁለት ሙስሊሞች ወደ አንድ…» ብሎ የሚጀምር ያልተቋጨ ዓረፍተ ነገር ሰጥተው ጨርሰው አሉት። ከ100 ጊዜ 66ቱን በጥቃት ጨረሰው። በሙስሊሞች ቦታ የሌላ እምነት ተከታዮች ሲገቡ ቁጥሩ በእጅጉ ወረደ። ሞዴሉ ቁርኣን አገላብጦ እዚህ መደምደሚያ ላይ አልደረሰም። የተማረበት ጽሑፍ 93 በመቶ ያህሉ እንግሊዝኛ ነበር፤ በእንግሊዝኛው ዜና ደግሞ «ሙስሊም» የሚለው ቃል ለሃያ ዓመታት ያህል ከቦምብና ከሽብር አጠገብ ሲጻፍ ኖሯል። ማሽኑ ጎረቤት ሆነው ያገኛቸውን ቃላት ነው መልሶ የጻፈው።

ቀጥሎ ማረሚያው መጣ። የቻትጂፒቲ ሠሪ ኦፕንኤአይ እ.ኤ.አ. በ2022 ባወጣው ጥናት እንደገለጸው፣ ሞዴሉ ጨዋ እንዲሆን ካሠለጠኑት መካከል በኮንትራት የተቀጠሩ 40 ገደማ ሰዎች ነበሩ፤ ባመዛኙ አሜሪካ ወይም ደቡብ ምሥራቅ እስያ የሚኖሩ እንግሊዝኛ ተናጋሪዎች። ሥራቸው ናሙና መልስ መጻፍና ከቀረቡላቸው መልሶች የተሻለውን መምረጥ ነበር። እኔ እንደምረዳው አጥሩ ጠበቅ ተደርጎ የታጠረው ቀዳዳው በታየበት በኩል ነው። ሙስሊሙን የሚያዋርድ መልስ አሳፋሪ መሆኑ ስለታወቀ ማሽኑ በዚያ አቅጣጫ ፈሪ ሆነ። በክርስትና በኩል ያን ያህል ጥንቃቄ አልተጨመረም። በአሜሪካ የአደባባይ ወግ ክርስትና የብዙኃኑ እምነት ነው፤ በብዙኃኑ ላይ መቀለድም እንደ በደል አይቆጠርም። እንግዲህ ክርስቲያኑ የሚያሳየው ስክሪንሾት የተወለደው በሙስሊሙ ላይ የደረሰውን በደል ለማረም ከተሠራው ሥራ ነው ማለት ነው።

ለደብረ ሊባኖስ ምእመን ግን ይህ የአሜሪካ ወግ ምኑም አይደለም። በ1999 ዓ.ም. የሕዝብ ቆጠራ መሠረት ኦርቶዶክሱ 43.5 በመቶ፣ ሙስሊሙ 33.9 በመቶ፣ ፕሮቴስታንቱ ከ18 በመቶ በላይ ነው። ብዙኃን ማን፣ አናሳ ማን እንደሆነ ከወረዳ ወረዳ ይለያያል፤ ወሎ ውስጥ በአንድ ቤት ውስጥም ይለያያል። በሌላ አገር የሕዝብ ድርሻ የተለካ ጥንቃቄ እዚህ ሲመጣ አንዱን ያቅፋል፣ ሌላውን ይገፋል፤ ሠሪዎቹ ግን ይህን ማድረጋቸውን እንኳ አያውቁትም።

የማሽኑ አስተያየት የማን አስተያየት ነው የሚለውን በቀጥታ የጠየቀ ጥናትም አለ። እ.ኤ.አ. በ2023 የስታንፎርድ ተመራማሪዎች ፒው የተባለው የአሜሪካ ተቋም ለሕዝብ ያቀረባቸውን ጥያቄዎች ለሞዴሎቹ አቀረቡና መልሳቸው ከየትኛው የኅብረተሰብ ክፍል ጋር እንደሚቀራረብ አነጻጸሩ። እዚያው አሜሪካ ውስጥ ከሁሉ ይበልጥ ድምፃቸው ከጠፋባቸው መካከል ዕድሜያቸው 65 እና ከዚያ በላይ የሆኑ ሰዎች፣ የትዳር ጓደኛቸው የሞተባቸው ሰዎችና ሃይማኖት አጥባቂዎቹ ሞርሞኖች ተገኙ። እዚህ ላይ ቆም ማለት ያስፈልጋል። እኛ ስለ ትዳር ምክር ስንፈልግ ወደ ማን ነው የምንሄደው? በዕድሜ ወደ ገፋው፣ ትዳሩን ሞት እስኪለየው ወደ ኖረው፣ ሃይማኖቱን ወደሚያጠብቀው ሰው አይደለም? ማሽኑ ከሁሉ ይልቅ የማይመስለው እነዚህኑ ነው።

«እኔ የምጠይቀው በአማርኛ ስለሆነ የእኛን ሰው አሳብ ይሰጠኛል» ብሎ የሚጽናና ይኖራል። በዚያው ዓመት አንትሮፒክ የተባለው ኩባንያ ተመራማሪዎች ይህንኑ መላ ፈትሸውታል። ሞዴላቸው እንዲሁ ሲጠየቅ የሚሰጠው አስተያየት ለአሜሪካና ለአንዳንድ የአውሮፓና የደቡብ አሜሪካ አገሮች ሕዝብ የቀረበ ነበር። ጥያቄዎቹን ወደ ሩስኛ፣ ቻይንኛና ቱርክኛ መልሰው ሲያቀርቡለት መልሱ የግድ ወደ እነዚያ ቋንቋ ተናጋሪዎች አስተያየት አልቀረበም። «የእገሌ አገር ሰው ሆነህ መልስ» ሲሉት ደግሞ ቀረብ ቢልም፣ ስለዚያ አገር ሰው በደፈናው የሚወራውን ይዞ የሚመጣበት ጊዜ ነበር። እንደ ሩስኛና ቻይንኛ ያሉ ብዙ የጽሑፍ ሀብት ያላቸው ቋንቋዎች ካልታደጉት አማርኛ ይታደገዋል ብዬ አላስብም። የአማርኛ ፊደል ለብሶ የሚመጣው ምክር አገሩ ሌላ ነው።

አንድ ጥያቄ ወስደን እንየው፤ «የአጎቴን ልጅ ማግባት እችላለሁ?» የኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ምእመን ከሆነ እስከ ሰባት ቤት ይቆጠርበታል። በእስልምና ሸሪዓ የአጎት ልጅ ከተከለከሉት ወገን አይደለችም። አፋር ውስጥ አብሱማ በሚባለው ልማድ የአክስት ወይም የአጎት ልጅ ማግባት የሚጠበቅ ነገር ነው። አርሲ ብንሄድ ደግሞ ሸሪዓው የፈቀደለት ሙስሊም ኦሮሞ ዘር ቆጥሮ ከቅርብ ዘመድ ይሸሻል። የተሻሻለው የፌዴራል የቤተሰብ ሕግ፣ አዋጅ ቁጥር 213/1992፣ በጎን ዘመድነት የከለከለው ወንድምና እኅትን፣ አክስትና አጎትን ነው፤ የአጎት ልጅን አይጠቅስም። ክልሎች ደግሞ የየራሳቸው የቤተሰብ ሕግ አላቸው። ከማሽኑ የሚመጣው የተለመደ መልስ ግን በዘር ስለሚወረሱ በሽታዎች ይጀምራል፣ «እንደየአገሩ ሕግ ይለያያል» ይልና ሐኪም አማክሩ ብሎ ያሰናብታል። ውሸት የለበትም። የኃጢአትና የወግ ጥያቄ ሆኖ የገባው ነገር ግን የጤና ጉዳይ ሆኖ ወጥቷል፣ የቀየረውም ማሽን መቀየሩን አልተናገረም። ገለልተኛ የሚባለው መልስ ወገን የሚይዘው እንዲህ ነው፤ የማንንም እምነት ሳይሰድብ፣ ጥያቄው የሚዳኝበትን ሸንጎ ብቻውን ይመርጣል።

የእኛ ሕግ በዚህ በኩል ከማሽኑ ይሻላል ብል አላጋነንኩም። የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 34 ንኡስ አንቀጽ 5 የግልና የቤተሰብ ክርክር በሃይማኖት ወይም በባህል ሕግ መዳኘት እንዲችል በር ይከፍታል፤ ቅድመ ሁኔታው የተከራካሪዎቹ ፈቃድ ነው። የፌዴራል የሸሪዓ ፍርድ ቤቶችን ያጠናከረው አዋጅ ቁጥር 188/1992ም በዚሁ ፈቃድ ላይ የቆመ ነው። አሠራሩ በተግባር ስንት ጉድለት እንዳለው ጠበቆች ይንገሩን። ቅደም ተከተሉ ግን ትክክል ነው፤ ፍርዱ ከመጀመሩ በፊት በየትኛው ሕግ እንዳኝ ተብሎ ይጠየቃል፣ የሚጠየቁትም ሁለቱም ናቸው።

መፍትሔው «የየራሳችንን እንሥራ» ነው የሚሉ አሉ፤ የኦርቶዶክሱ ለብቻ፣ የሙስሊሙ ለብቻ። ካቶሊክ አንሰርስ የተባለ የአሜሪካ ድርጅት እ.ኤ.አ. በኤፕሪል 2024 ሞክሮታል። «አባ ጀስቲን» የተባለ፣ የካህን ልብስ የለበሰ ቻትቦት አቀረበ። ምእመናን ለምእመናን የሠሩት ነበር። አባ ጀስቲን እውነተኛ ካህን ነኝ አለ፣ ኑዛዜ ተቀበለ፣ ሕፃን ጌቶሬድ በሚባለው የስፖርተኞች መጠጥ ሊጠመቅ ይችላል ብሎም ፈቀደ። በቀናት ውስጥ ልብሰ ክህነቱን አውልቀው ተራ ምእመን አደረጉት። ስለ ካቶሊክ ትምህርት ብዙ ያውቅ ነበር፤ የጎደለው ያልተሾመበትን ሥልጣን አልይዝም ማለት ነው።

አሁን ወደ ከፋው፣ ስልኩን ለያዘው ሰው ወደሚደረገው አድልዎ እንምጣ። ባልና ሚስት ተጣሉ። ሚስት ማታ ልጆቹን አስተኝታ ስልኳን ታነሣለች፤ ባል ሳሎን ውስጥ የራሱን ያነሣል። ሁለቱም የሆነውን ይጽፋሉ፣ እንደ ሰው ሁሉ የራሳቸውን ጥፋት አሳንሰው። ማሽኑ ለእርስዋ «ስሜትሽ ተገቢ ነው» ይላታል፤ ለእርሱም «ስሜትህ ተገቢ ነው» ይለዋል። ጠዋት ሁለቱም ፍርድ ይዘው ይነሣሉ።

ይህ ጸባይ በአጋጣሚ የመጣ አይደለም። መልስ መራጮቹ የሚስማማቸውን መልስ ይወዳሉ፤ ማሽኑም የተወደደውን ይደግማል። እ.ኤ.አ. በኤፕሪል 2025 ኦፕንኤአይ አንድ ማሻሻያ ለቅቆ፣ ሞዴሉ ከልክ በላይ አሞጋሽ ሆነ ተብሎ በቀናት ውስጥ ሊመልሰው ተገዷል። ካስረዳቸው ምክንያቶች አንዱ ተጠቃሚዎች የሚሰጡት የአውራ ጣት ምልክት በሥልጠናው ውስጥ ክብደት ማግኘቱ ነበር። በዚያው ዓመት ይፋ የሆነ የስታንፎርድ ተመራማሪዎች ሥራ ደግሞ፣ ስለ ጠባቸው ከአሞጋሽ ማሽን ጋር የተነጋገሩ ሰዎች ትክክል ነኝ የሚለው እምነታቸው እንደጠነከረ፣ ለመታረቅ ያላቸው ፈቃደኝነት ግን እንደቀነሰ አሳይቷል። ይህንኑ ማሽን ደግሞ ይበልጥ አምነውታል።

ሽማግሌ እንዲህ አይሠራም። ሁለቱን ይጠራል፣ ለየብቻ ይሰማል፣ አንዱ የደበቀውን ከሌላው አፍ ያገኛል። ይህን ስል የሽማግሌን ስም ለማንቆለጳጰስ አይደለም። በ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ ፍቺን የመወሰን ሥልጣን የቤተ ዘመድ ሽማግሌዎች ነበር፤ በ1992 ለፍርድ ቤት ተሰጥቶ የሽማግሌዎቹ ድርሻ ማስታረቅ ሆኗል፣ ደግሞም ተገቢ ነበር። «ቻይው፣ ባልሽ ነው» ተብላ ወደ ዱላ የተመለሰች ሴት ስንት ናት! ሽማግሌም ያዳላል፣ ብዙ ጊዜም ለባል። ሪያድ ወይም ቤይሩት በቤት ሠራተኝነት ያለች፣ የላከችው ገንዘብ የት እንደገባ ባልዋን መጠየቅ ያቃታት ሴት ደግሞ በሌሊት የምታገኘው ሽማግሌም ቄስም ዓሊምም የላትም። ስልኩን ብታማክር ማን ይፈርድባታል? ዱላ ባለበት ቤት ደግሞ «መጀመሪያ ራስሽን አድኚ» የሚለው የማሽኑ ምክር ከብዙ ሽማግሌ ምክር ይበልጣል። ልዩነቱ የሽማግሌን አድልዎ ማየት መቻሉ ነው፤ ዘመዱ ማን እንደሆነ ይታወቃል፣ ሌላ ሽማግሌ ይጨመር ማለት ይቻላል። የማሽኑን አድልዎ ግን የተዳላለት ሰው ብቻ ነው የሚያየው፣ እርሱም ፍትሕ ብሎ ነው የሚጠራው።

ሁለቱ አድልዎዎች የሚገናኙትም እዚህ ነው። «እኔ ኦርቶዶክስ ነኝ፣ ባሌ እንዲህ አደረገኝ» ብላ የጻፈች ሴት ጥቅስ ታገኛለች። «እኔ ሙስሊም ነኝ፣ ሚስቴ አልታዘዝ አለች» ብሎ የጻፈ ሰው ሐዲስ ያገኛል። እንግዳ የነበረው የአሜሪካ ምክር የጠያቂውን ሃይማኖት ልብስ ለብሶ ይመጣል፤ ፍርዱ ግን አስቀድሞ ለጠያቂው የተፈረደ ነው። ማንነትን መናገር ለዶግማና ለሥርዓት ጥያቄ መልሱን ያጠራዋል። ለጠብ ጥያቄ ሲሆን ግን አድልዎውን ያጸድቀዋል። ስለዚህ «ሃይማኖቴን አከበረልኝ» የሚለው እርካታ «ሃይማኖቴን ሰደበብኝ» ከሚለው ቅሬታ ይበልጥ ሊያሳስበን ይገባል።

ለሠሪዎቹ የሚቀርበው ጥያቄ ከባድ አይደለም። ስለ ትዳር ጠብ የሚጠየቅ ማሽን ከምክር በፊት «ተናጋሪው እርስዎ ባይሆኑ ኖሮ ባለቤትዎ ይህን ታሪክ እንዴት ያወሩት ነበር?» ብሎ ይጠይቅ። ስለ ሥርዓት ሲጠየቅ በየትኛው ቤተ ክርስቲያን ትምህርት፣ በየትኛው መዝሀብ፣ በየትኛው አዋጅ እንደመለሰ ይናገር። የሃይማኖት አባቶችም ከዐውደ ምሕረትና ከሚንበር ወርደው ማሽኑ በአማርኛ የሚሰጠውን የጋብቻ መልስ ራሳቸው ይፈትሹ፤ ስሕተቱን የሚለየው ሊቅ እንጂ ኢንጂነር አይደለም።

አንባቢ ደግሞ እነርሱን መጠበቅ የለበትም። የሥርዓት ጥያቄ ከሆነ ምንጩን ጠይቀው መልሱን ለንስሐ አባትዎ ወይም ለሚያምኑት ዓሊም ያሳዩት። ጠብ ከሆነ ግን ታሪኩን «አንድ ባልና ሚስት» ብለው ይጻፉ፣ እርስዎ የትኛው እንደሆኑ አይንገሩት። ቀጥሎ አዲስ ገጽ ከፍተው ያንኑ ታሪክ በባለቤትዎ አፍ ይጻፉት። ለሁለቱም ከፈረደ ሁለቱንም መልስ ያጥፏቸውና ባለቤትዎን ያነጋግሩ። ቤት ውስጥ ዱላ ካለ ግን ይህን ሁሉ ይተዉትና ዛሬውኑ ለሰው ይናገሩ።