የሶደሬ ቁልቁለትና የፍሬን ሸራ ሒሳብ

ቅዳሜ ጠዋት ቤተሰቡን ጭኖ ከአዲስ አበባ ወደ ሶደሬ ፍል ውሃ የሚወርድ ባለመኪና የሚያደርገው ዝግጅት የታወቀ ነው። ነዳጅ ይሞላል፣ ጎማ ያስነፋል፣ መኪናውን ያሳጥባል። ፍሬኑን የሚያስታውስ ግን ጥቂት ነው። አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,300 ሜትር በላይ ላይ የተቀመጠች ከተማ ስትሆን፣ አዳማ 1,600 ሜትር ገደማ ላይ ትገኛለች። ከአዳማ በአዋሽ መልካሳ በኩል ሶደሬ የሚያደርሰው 25 ኪሎ ሜትር ያህል መንገድ ደግሞ ወደ አዋሽ ሸለቆ ይበልጥ ዝቅ ይላል። ሰዎቹ ሊዝናኑ ሲወርዱ ያንን ሁሉ ክብደት ይዞ የሚያወርደው ፍሬኑ ነው።

ይህ የትራፊክ ፖሊስ እንጂ የገበያ ጉዳይ አይደለም የሚል አይጠፋም። ሆኖም በአሮጌ መኪና ገበያ አንድ ኮሮላ ወይም ቪትዝ ሲሸጥ ምን እንደሚታይ ልብ ማለት ያስፈልጋል። ደላላው ቀለሙን ያሳያል፣ ሞተሩን አስነስቶ ድምፁን ያሰማል፣ ሊብሬውን ይዘረጋል። ገዢው በሩን ከፍቶ ይዘጋል፣ ጎማውን በእግሩ ይመታል። ቸርኬውን አስፈትቶ ሸራው ስንት ሚሊ ሜትር እንደቀረው የሚያይ ግን ከስንት አንዱ ነው። በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤክሳይዝ ታክስ አዋጅ ያገለገሉ መኪኖችን ማስገባት በእጅጉ አስወደደ። በሐምሌ 2016 ዓ.ም. ደግሞ የምንዛሪ ተመን በገበያ እንዲወሰን ተደረገ። ከዚያ ወዲህ አሮጌ መኪና እንደ መሬት ሁሉ ሀብት ሆኗል። ሚሊዮን ብር የሚጠራበትን ንብረት በጎማ እርግጫ መርምሮ መግዛት፣ በሌላ ንግድ ቢሆን ኖሮ ነጋዴውን መሳቂያ ያደርገው ነበር።

የፍሬን ወጪ ሒሳብ ለማንም ነጋዴ የሚከብድ አይደለም። የአነስተኛ መኪና የፊት ሸራ አዲስ ሲሆን ውፍረቱ 10 ወይም 12 ሚሊ ሜትር ገደማ ነው። 3 ሚሊ ሜትር ሲቀረው መቀየር አለበት። ብዙዎቹ ሸራዎች በዚህ ጊዜ ጆሮ የሚበጣ ድምፅ የምታሰማ ቀጭን ብረት ተሠርቶላቸዋል። ባለመኪናው ግን ድምፁን ሲሰማ ቴፑን ከፍ ያደርጋል። ሸራው አልቆ የጀርባው ብረት ዲስኩን መፋቅ ሲጀምር፣ በአንድ ጥንድ ሸራ ያልቅ የነበረው ሥራ ዲስኩን ይጨምራል። ዲስኩን ቶርኖ ቤት ወስዶ ማስላጥ ይቻላል፤ ይሁንና ከዚህ በታች መቅጠን የለበትም የሚለው መጠን አብዛኛውን ጊዜ ዲስኩ ላይ ተቀርጾ ይገኛል። ያንን ቁጥር ሳያነቡ የሚልጡና የሚያስልጡ ሞልተዋል። የቀጠነ ዲስክ ቶሎ ይግላል፣ ይጣመማል፣ አልፎ ተርፎም ይሰነጠቃል።

“ፍሬን በጠሰ” የሚለው አነጋገርም ነገሩን ሳይሸፍነው አልቀረም። አደጋ በደረሰ ቁጥር ፍሬኑ ተበጠሰ ይባላል፤ ሲታይ ግን ብዙውን ጊዜ የተበጠሰ ነገር አይገኝም። ሸራው ከመጠን በላይ ግሎ መያዝ አቅቶታል፣ ወይም ዘይቱ ፈልቷል። የፍሬን ዘይት ከአየር ላይ እርጥበት የሚመጥ ፈሳሽ ነው። አዲስ ዶት 3 ዘይት ቢያንስ እስከ 205 ዲግሪ ሴንቲግሬድ አይፈላም፤ ከ4 በመቶ ያነሰ ውሃ ሲገባበት ግን መፍያው እስከ 140 ሊወርድ ይችላል። ዘይቱ ፈልቶ እንፋሎት ሲፈጥር ፔዳሉ ወለል ድረስ ይሰምጣል። በየሁለት ዓመቱ ቀይሩት የሚባለው ለዚህ ነው። መኪናው ከተገዛ ጀምሮ የፍሬን ዘይት ቀይሮ የማያውቅ፣ የሞተር ዘይት ግን በየቀኑ የሚለካ ባለመኪና መቼም አይጠፋም።

ቁልቁለት ላይ ማርሽ አውጥቶ በፍሪ መልቀቅም ነዳጅ ይቆጥባል ተብሎ ከአባት ወደ ልጅ የተላለፈ እምነት ነው። በኢንጄክሽን የሚሠሩ መኪኖች ማርሽ ውስጥ ሆነው ሲወርዱ ነዳጁን በአብዛኛው ራሳቸው ይዘጋሉ። በፍሪ ሲለቀቁ ግን ሞተሩ እንዳይጠፋ ነዳጅ ማቃጠላቸው አይቀርም። ስለዚህ ባለመኪናው ነዳጅም አላተረፈ፣ ሸክሙንም በሙሉ ሸራው ላይ ጫነ። በ100 ኪሎ ሜትር ፍጥነት የሚሄድ መኪና ሲቆም ፍሬኑ የሚቀበለው ሙቀት በ50 ሲሄድ ከሚቀበለው እጥፍ ሳይሆን አራት እጥፍ ነው። የክፍያ መንገዱን ለለመደ እግር ይህ ቀላል ልዩነት አይደለም።

ጋራዦቹስ? መካኒኩን ብቻ መውቀስ ፍርደ ገምድልነት ይሆናል። ደንበኛው በዕቃ ዋጋ ብዙም ሳይከራከር በእጅ ዋጋ ላይ ግን እስከ መጨረሻው ሳንቲም ይከራከራል። እጁ ያልተከፈለው መካኒክ ትርፉን ከዕቃው ላይ ቢፈልግ ምን ያስገርማል? ኦሪጅናል ተብሎ በካርቶን የታሸገው ሸራ ኮፒ ሆኖ የሚገኘው፣ ደረሰኝም የማይኖረው በዚሁ መንገድ ነው። ባለመኪናው የእጁን በደንብ ከፍሎ፣ ዕቃውን ከሶማሌ ተራም ሆነ ከአዳማ መለዋወጫ ሱቅ ራሱ በደረሰኝ ቢገዛና የተፈታውን አሮጌ ሸራ ተረክቦ ቢሄድ ጭቅጭቁ ግማሽ በግማሽ ይቀንስ ነበር። የሸራውን ብናኝ በኮምፕረሰር እየነፉ ማጽዳትም መቅረት አለበት። በብዙ አገሮች የታገደው አስቤስቶስ በሸራው ውስጥ ካለ የመካኒኩን ሳንባ የሚጎዳው ያ ብናኝ ነው፤ በውሃ እርጥብ ጨርቅ መጥረግ ምንም አያስወጣም።

ዓመታዊው የቴክኒክ ምርመራ አለ ይባል ይሆናል። ነገር ግን ቦሎ የሚያረጋግጠው መኪናው በዚያን ቀን የነበረበትን ሁኔታ ነው። ከምርመራው በኋላ ባሉት ወራት የሚያልቀውን ሸራ ተለጣፊው ወረቀት አያግደውም። ለገዢ የሚጠቅመው የሰርቪስ ደብተር ነው፤ በስንት ኪሎ ሜትር ምን ተቀየረ፣ በማን ጋራዥ፣ በየትኛው ደረሰኝ የሚል። እንዲህ ያለ ደብተር ያለውን መኪና ለይቶ የሚያቀርብ ደላላ ኮሚሽኑን ከፍ አድርጎ ቢጠይቅ አይፈረድበትም።

ከነዳጅ መኪና ወደ ኤሌክትሪክ የተሻገሩት ደግሞ የፍሬን ጣጣ ቀረልን ይላሉ። በጥር 2016 ዓ.ም. መንግሥት በነዳጅ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ መከልከሉን ካስታወቀ ወዲህ ቁጥራቸው እየበዛ ነው። በእርግጥም የኤሌክትሪክ መኪና ሲቀዘቅዝ ሞተሩ ኃይሉን ወደ ባትሪ ስለሚመልስ ሸራው ቶሎ አያልቅም። ግን ባትሪው ሙሉ ከሆነ የሚመለሰውን ኃይል መቀበል ስለማይችል፣ አዲስ አበባ ላይ እስከ አፉ ተሞልቶ የተነሳ መኪና በመጀመሪያው ቁልቁለት በሸራው ላይ ለመደገፍ ይገደዳል። አልፎ አልፎ ብቻ የሚሠራ ዲስክም ይዝጋል፤ መኪናውም በባትሪው ምክንያት ከባድ ነው።

አዳማ ደግሞ የጅቡቲ መስመር ከባድ መኪኖች የሚያልፉባት፣ ባጃጅ የሞላባት፣ የሶደሬና የአሰላ መንገደኛ የሚቆምባት ከተማ ናት። ሞተር የሚያወርድ፣ ቀለም የሚቀባ፣ ጎማ የሚለጥፍ በየመንገዱ አለ። ፍሬን ብቻ የሚሠራ፣ ሸራና ዲስክ የሚለካበት ካሊፐር፣ በዘይቱ ውስጥ ያለውን ውሃ የሚያሳይ መሣሪያና የራሱ ቶርኖ ያለው፣ በደረሰኝ የሚሸጥ ቤት ቢከፈት ደንበኛ የሚያጣ አይመስልም። ለአንድ ሚኒባስ መግዣ ገንዘብ ያለው ሰው ይህን ሥራ ለመጀመር አቅም አያንሰውም፤ የሚያንሰው ለካሊፐሩ የሚታመን ልጅ ማግኘት ነው።