ሦስት ቀዳዳ አይመሰክርም

በቀረርቶአችንና በፉከራችን ውስጥ የሳተ ተኳሽ የለም። ውጅግራው፣ ምንሽሩ፣ በልጅጉ በየስማቸው ተጠርተው ይሞገሳሉ፤ ገዳዩም ከነፈረሱ ስም ይነሣል። ሳትታደል ወደ ጫካ የገባችው ጥይት ግን ወዴት እንደ ደረሰች የጠየቀ አቅራሪ አልሰማሁም። ይህን የምለው ባለቅኔውን ለመውቀስ አይደለም። እኔም ለሁለት ዓመት ያህል በገዛ ጠረጴዛዬ ላይ የሠራሁት ይህንኑ ነበር፤ ያማረችዋን እየያዝሁ ያላማረችዋን እየረሳሁ።

የምኖረው በአሜሪካ፣ በኮሎራዶ ነው። በዚህ አገር ጥይትን በቤት ውስጥ መሙላት እንደ ሽመና ወይም እንደ ንብ ማነብ ያለ የእጅ ሥራ ነው። የተተኮሰው የናስ ቀለህ አይጣልም። ይጸዳል፣ በመጭመቂያ ወደ ቀድሞ ቅርጹ ይመለሳል፣ አዲስ መለኮሻ ይገባለታል፣ ባሩዱ ተመዝኖ ይፈስስበታል፣ በመጨረሻም አረሩ በአፉ ላይ ይሰካል። ሥራውን ያስተማሩኝ ዕድሜያቸው ወደ ሰማንያ የተጠጋ ጎረቤቴ ናቸው። አያቶቻችን ጥይትን በገበያ እንደ ሽርፍራፊ ገንዘብ ይገበያዩባት እንደ ነበር ባጫወትኋቸው ቀን፣ «ታዲያ እኛ እዚህ ጓዳ ውስጥ ገንዘብ እያተምን ነዋ!» ብለው ሳቁ።

ጥያቄው ያለው በመጨረሻዋ ደረጃ ላይ ነው። አረሩ ወደ ቀለሁ ውስጥ ምን ያህል ጠልቆ ይቀመጥ? የጠመንጃ በርሜል ውስጡ ልሙጥ አይደለም። አረሩን የሚያሾሩ ጠመዝማዛ ቦዮች ተቀርጸውበታል፤ በቦዮቹ መካከል ደግሞ ሸንተረሮች አሉ። ባሩዱ ሲቀጣጠል አረሩ ከቀለሁ አፍ ተላቅቆ አንዲት ጠባብ ባዶ ስፍራ ይዘላል፤ ሸንተረሮቹ የሚነክሱት ከዚያ በኋላ ነው። ጠልቆ የተቀመጠ አረር ዝላዩ ይረዝማል፤ ብቅ ብሎ የተቀመጠ ያጥርለታል። ሸንተረሩን ነክቶ የተቀመጠ ጭራሽ አይዘልም፤ ግን ግፊቱ ከፍ ስለሚል የባሩዱ መጠን ከዝቅተኛው ተጀምሮ እንደገና ካልተሞከረ አደጋ አለው። ሳይተኮስ ላውጣው ቢሉም አረሩ በበርሜሉ ተነክሶ ይቀርና ቀለሁ ብቻውን ይወጣል፤ ባሩዱም በጠመንጃው ሆድ ዕቃ ይበተናል። (ደርሶብኛል። በጥርስ ብሩሽ ነው የለቀምሁት።)

እንግዲህ እምነቱ እንዲህ ይላል፦ እያንዳንዱ በርሜል የሚወድዳት አንዲት ጥልቀት አለችው። እርስዋን ለማግኘት አረሩን በኢንች 3 ሺኛ በ3 ሺኛ፣ ማለትም በአንዲት የራስ ጠጉር ውፍረት ልክ ወደ ውስጥ እየገፉ በየደረጃው ሦስት ሦስት ጥይት መተኮስ፣ ከዚያም ሦስቱ ቀዳዳዎች የተቃቀፉበትን መምረጥ ነው። መለኪያውም ከጫፍ እስከ ቂጥ አይደለም፤ የአረር ሹል ጫፍ ከአንዱ አንዱ ይለያያልና። የሚለካው አረሩ ወደ ሙሉ ውፍረቱ ከሚጠጋበት ትከሻ ነው። ይህ ሁሉ ትክክል ነው፤ ሥርዓቱም ደስ ይላል።

እኔም አሥር ጥልቀት መርጬ ሠላሳ ጥይት ሞላሁ። በሰባተኛዋ ላይ ሦስቱ ቀዳዳዎች እንደ ማገጥ ቅጠል ገጠሙ፤ በመቶ ያርድ ርቀት ላይ ግማሽ ኢንች የማይሞላ ስፍራ! ወረቀቱን ቆርጬ በኪስ ቦርሳዬ ይዤ ዞርሁ። ጠመንጃውን ለማያውቅ ሰው ሳይቀር አሳይቻለሁ።

በዚያው ዓመት ጥቅምት በአጋዘን አደን ወቅት፣ ሦስት መቶ ያርድ ያህል ርቆ በቆመ አጋዘን ላይ በዚያች ወረቀት ተማምኜ ተኮስሁ። አረሩ ከትከሻው ወደ ኋላ ሄዶ መታው። እስኪጨልም ደሙን ተከተልሁ፤ በማግስቱም ተመልሼ ፈለግሁ፤ አላገኘሁትም። ስለዚህ ነገር ከዚህ የበለጠ አልጽፍም። ጥፋቱ የነፋሱ ወይም የእጄ ሊሆን ይችላል፤ ያንን ርቀት እንድደፍር ያደረገችኝ ግን ያች ወረቀት ነበረች።

በክረምቱ ጎረቤቴ ከአንድ እስከ አሥር ቁጥር የተጻፈባቸው ፖስታዎች ሰጡኝ፤ በየፖስታው ሦስት ጥይት። «ጥልቀታቸውን እዚህ ጽፌዋለሁ» ብለው የታጠፈ ወረቀት በደረት ኪሳቸው ከተቱ፤ እንዳልለካቸውም ቃል አስገቡኝ። ተኮስሁ። በአራተኛውና በስምንተኛው ላይ ቀዳዳዎቹ ተሰበሰቡ፤ በስድስተኛው ተበታተኑ። በቁም ነገር ሥዕል ነድፌ፣ «በርሜሉ እዚህና እዚህ ይወድዳል፣ እዚህ ይጠላል» ብዬ አስረዳኋቸው። ወረቀቱን አውጥተው ገለጡልኝ። ሠላሳውም ጥይት አንድ ጥልቀት ነበረ።

ቤቴ እስክገባ አልተናገርሁም።

ከዚያ በኋላ ሒሳቡን ሠራሁ። ምንም ነገር ሳይለወጥበት በሦስት ሦስት ጥይት ሲተኮስ አማካይ ስፋቱ አንድ ኢንች የሚሆን ጠመንጃ፣ ከሦስት ወይም ከአራት ሙከራ በአንዱ ያህል ወይ ከስድስት ዐሥረኛ ኢንች በታች ወይ ከአንድ ነጥብ አራት ኢንች በላይ ያሳያል። ዐሥር ጊዜ የሞከረ ሰው ከዐሥሩ ትንሽዋ ግማሽ ኢንች አካባቢ ብትወድቅ ሊደነቅ አይገባውም፤ የሚጠበቅ ነው። ያው ጠመንጃ ዐሥር ጥይት በአንድ ወረቀት ላይ ቢተኮስበት በአማካይ ወደ 1.6 ኢንች፣ ሠላሳ ቢተኮስበት ወደ ሁለት ኢንች ይሰፋል። በሦስት መቶ ያርድ ስድስት ኢንች ማለት ነው። ሁለትና ሦስት ምስክር ለዳኛ ይበቃው ይሆናል፤ ለበርሜል ግን አይበቃም። በተለይም ዐሥር ቡድን ምስክር ጠርተን ደስ ያሰኘንን ብቻ የምንሰማ ከሆነ።

ጥልቀት ምንም አይደለም እያልሁ አይደለም። አፍንጫቸው ረጅም የሆኑ አዳዲስ አረሮች ለዝላይ ስሱ ናቸው፤ በጠረጴዛ ላይ አስደግፈው በሺኛ ኢንች የሚወዳደሩ ሰዎችም ከእኔ የተሻለ ያውቃሉ። እነርሱ ግን ጥይት አይቆጥቡም። እ.ኤ.አ. በ1909 ስለ አረር በረራ ዝነኛ መጽሐፍ ያሳተሙት በሐኪምነት የሠለጠኑት አሜሪካዊው ፍራንክሊን ማን፣ የሰው እጅና ዓይን ፍርዱን እንዳያዛቡባቸው በርሜሉን በኮንክሪት ምሰሶ ላይ አስረው ነበር የሚተኩሱት። ለዓመታት። እኔ በአንድ ቅዳሜ ልጨርሰው ነበር። በሌላ በኩል ደግሞ የዌዘርቢ ጠመንጃዎች አሉ፤ በአረሩና በሸንተረሩ መካከል ሆን ተብሎ ረጅም ባዶ ስፍራ ተትቶላቸው ሳለ ብዙዎቹ አዳኝን አላሳፈሩም። ያችን አንዲት ጥልቀት አገኘሁ የሚል ሰውም ቢሆን ይዞአት አይኖርም፤ የባሩዱ እሳት በተተኮሰ ቁጥር የሸንተረሩን ጫፍ እየበላ ወደ ፊት ያሸሸዋልና፣ የዛሬው ቁጥር ከብዙ መቶ ጥይት በኋላ ሌላ ዝላይ ነው።

ስለዚህ የእኔ አስተያየት ይህ ነው። አረሩ ከሸንተረሩ በቂ ርቀት ይኑረው፤ ጥይቱ በካዝናው ውስጥ ይግባ፤ ከዚያ ይተው። ሁለት ሦስት የተራራቁ ጥልቀቶችን ማወዳደር የፈለገ በየአንዳንዱ ሃያ ሃያ ይተኩስ። ለጠጉር ውፍረት ፍለጋ የምናባክነውን ባሩድ ተንበርክኮ፣ ተቀምጦ፣ በነፋስ ውስጥ ለመለማመድ ብናውለው ለአጋዘኑም ይሻለዋል። ይህን ስል የሚቀየሙኝ ወዳጆች እንዳሉ አውቃለሁ። እነርሱም በኪስ ቦርሳቸው ወረቀት አለች።

የእኔዋን አወጣኋት። በምትክዋ ሠላሳው ቀዳዳ በአንድነት የተነደፈበትን ወረቀት ከመሙያ ጠረጴዛዬ በላይ ሰቅያለሁ፤ ሰፊና አስቀያሚ ነው። ባለፈው ጥቅምት በሸለቆው ማዶ፣ ከሁለት መቶ ሃምሳ ያርድ በላይ ይሆናል፣ አንድ አጋዘን ቆሞ አየሁ። በመነጽር ጥቂት ተመለከትሁት፤ ከዚያ ጠመንጃውን ትከሻዬ ላይ አንግቼ ወረድሁ። ማታ ጎረቤቴ ቡና እየጠጡ ምን እንዳየሁ ጠየቁኝ፤ ነገርኋቸው።

«ቀንዱስ?» አሉ።

«ትልቅ ነበረ» አልኋቸው።