የትራንስፎርመሩን ጭነት አሳዩን

ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም. የሕዳሴ ግድብ ሲመረቅ እልል ካሉት አንዱ ነኝ። 5,150 ሜጋ ዋት ማመንጨት የሚችል ግድብ አለን። ታዲያ በበዓል ዋዜማ፣ ሊጡ ተቦክቶ ምጣዱ ሲጣድ፣ መብራት የሚሄደው ለምንድን ነው? ብዙ ጊዜ መልሱ ያለው ግድቡ ባለበት ጉባ ላይ ሳይሆን ከደጃችን ምሰሶ ላይ ነው።

ሒሳቡን እንሥራው። አንድ የኤሌክትሪክ ምጣድ 3.5 ኪሎ ዋት ገደማ ይወስዳል። 315 ኪሎ ቮልት አምፒር የሆነ ትራንስፎርመር፣ ሌላው ሁሉ ጠፍቶ እንኳ፣ 90 ምጣድ ሲበራበት ሞላ። ያውም ጭነቱ ከትራንስፎርመሩ ለሚወጡት ሦስት መስመሮች (ፌዞች) እኩል ከተከፋፈለ ነው። ቤቶቹ በአንዱ ፌዝ ላይ ከተደራረቡ 31ኛው ምጣድ ያንን ፌዝ ከአቅሙ በላይ ያደርገዋል፤ ሌሎቹ ሁለቱ ሥራ ፈተው ይቀመጣሉ። ይህ አዲስ ትራንስፎርመር ሳይገዛ፣ ቤቶችን ከፌዝ ወደ ፌዝ በማዛወር ሊቃለል የሚችል ችግር ነው። ግን መጀመሪያ ማን የት እንደተቀጠለ መታወቅ አለበት።

የሚያንገበግበኝም ይሄው ነው። የሰፈራችን ሰው ለትራንስፎርመር ገንዘብ ሊያዋጣ በተሰበሰበ ዕለት አንዲት እናት ተነሥተው፣ «ያለው ስንት ይችላል? አሁንስ ስንት ተሸክሟል?» ብለው ጠየቁ። ከዚህ የተሻለ የምህንድስና ጥያቄ አልሰማሁም። የተሰጣቸው መልስ «እሱ የውስጥ መረጃ ነው» የሚል ነበር። ከመቀነታቸው ፈተው ሊከፍሉ ለመጡ ሰው!

መረጃው የማይወጣው ለደኅንነት ነው ይሉናል። ምሰሶው መንገድ ዳር ቆሟል፣ የትራንስፎርመሩ አቅም በራሱ ላይ ተጽፏል፤ ከማን ነው የሚደበቀው? እ.ኤ.አ. በ2020 የውጭ ተመራማሪዎች ከሳተላይት የሚታየውን የሌሊት ብርሃንና የመንገድ ካርታ ይዘው የዓለም የኤሌክትሪክ መስመሮች በየት በየት እንደሚያልፉ ገምተዋል፤ ካርታውንም ለሁሉም በነጻ ለቀውታል። ባዕድ በግምት የሚያየውን፣ የኛ ሰው አጣርቶ እንዳያይ መከልከል ደኅንነት አይባልም።

እውነተኛ ስጋት አንድ ነው። የአንድ ቤት ፍጆታ ከወጣ ሰው መቼ ቤቱ እንደሌለ ይታወቃል። ለዚህም መላ አለው፤ በብሪታንያ አከፋፋዮች የሚለቁት የበርካታ ቤቶችን ንባብ ደምረው በመስመር ደረጃ ነው። እዚያው መንግሥት ያቋቋመው ግብረ ኃይል እ.ኤ.አ. በ2019 መርሁን ገልብጦታል፤ የኃይል መረጃ ክፍት ይሁን፣ ምክንያት የሚጠየቀው ሊዘጋው የፈለገ ነው ብሏል።

እኛ ደግሞ ጊዜ የለንም። በ2016 ዓ.ም. የነዳጅ አውቶሞቢል እንዳይገባ ከልክለናል። ቤት የሚተከል የ7 ኪሎ ዋት የኤሌክትሪክ መኪና ቻርጀር ሁለት ምጣድ ማለት ነው፤ ምጣዱ እንጀራው ሲያልቅ ይነቀላል፣ መኪናው ግን ለሰዓታት እንደተሰካ ያድራል። ቻርጅ ማድረጊያ የሚከፍተው፣ ወፍጮ የሚተክለው፣ ሕንፃ የሚያሠራው ሰው አቅም ያለበትን ሰፈር በምን ይወቅ? ገንዘቡን ካፈሰሰ በኋላ «እዚህ አቅም የለም» መባል ኪሳራ ነው።

የእያንዳንዱ ትራንስፎርመር መለያ ቁጥር፣ ቦታው፣ አቅሙ፣ በየፌዙ የደረሰበት ከፍተኛ ጭነት፣ በወሩ ስንት ሰዓት እንደጠፋ በየወሩ ይውጣ። ያልተለካም ካለ አልተለካም ተብሎ ይጻፍ። ዘመናዊ ቆጣሪ እስኪዳረስም አንጠብቅ፤ ቴክኒሻኑ በበዓል ዋዜማ አመሻሽ ላይ ሦስቱን ፌዝ በክላምፕ ሜትር ይለካ፣ ውጤቱም በማግስቱ ወረዳው በር ላይ ይለጠፍ።