ድምፁ የጠፋ ጌም አይጣልም

የዚህ ወር ጨዋታችን በብዙ ቤት መሳቢያ ውስጥ ተሸጉጦ ስለቀረ ዕቃ ነው። በልጅነትዎ የተጫወቱበት፣ ወይም በዘመድ ሻንጣ ከውጭ የመጣልዎ አሮጌ የእጅ ጌም ይኖርዎት ይሆናል። ባትሪ ድንጋይ ሲገባለት ስክሪኑ ይበራል፤ ድምፁ ግን የለም። ቢኖርም እንደ ትንኝ እዝዝ ከማለት አያልፍም። ታዲያ አንድ ቀን በኤሌክትሮኒክስ ፍቅር የተለከፈው ልጅዎ ይመጣና «እማዬ፣ አዲስ የአምፕሊፋየር ቦርድ ልሥራለት?» ይልዎታል። ምን ይመልሱለታል?

የእኔ ምክር «ሥራ» ይበሉት ነው። ነገር ግን መበየጃውን ከማንሳቱ በፊት አንድ ቁም ነገር አብራችሁ ተስማሙ፦ የሥራው ዓላማ ድምፁን ማጥራት እንጂ ማስጮህ አይደለም። ይህ ከተያዘ ሌላው ሁሉ ተራውን ይዞ ይመጣል።

ድምፁን ማን ወሰደው?

ለምሳሌ የሴጋን ጌም ጊር እንውሰድ። ይህ የእጅ ጌም እ.ኤ.አ በ1990 በጃፓን ለገበያ ቀረበ። ስድስት ባትሪ ድንጋይ ይጎርሳል፤ ከሦስት እስከ አምስት ሰዓት ባለው ጊዜ ውስጥም ይጨርሳቸዋል። በአብዛኞቹ ጌም ጊሮች ውስጥ ድምፁን የሚያጎላው ክፍል ከዋናው ቦርድ ተለይቶ በራሱ ትንሽ ቦርድ ላይ ተቀምጧል። ለጀማሪ ነዳፊ ይህ ትልቅ እድል ነው፤ ዋናውን ቦርድ ሳይነኩ የድምፁን ብቻ መቀየር ይቻላልና።

ጥፋተኛው ብዙውን ጊዜ ካፓሲተር የሚባለው ዕቃ ነው። በዚያ ዘመን የተገጠሙት ካፓሲተሮች ፈሳሽ ኬሚካል የያዙ ጥቃቅን የአሉሚኒየም ጣሳዎች ናቸው። ዓመታት ሲያልፉ ፈሳሹ ያፈተልክና የቦርዱን የመዳብ መስመሮች ይበላል። ጌሙን ሲከፍቱት ዓሣ ዓሣ ከሸተተዎ ምልክቱ ይኸው ነው።

ስለዚህ ልጅዎ በመጀመሪያ «የሞተው ምንድን ነው?» ብሎ ይጠይቅ። መዳቡ ጤነኛ ከሆነ ቦርዱን በአልኮል አጽድቶ ካፓሲተሮቹን ብቻ መቀየር ይበቃል፤ ወጪውም ትንሽ ነው። ድምፁ የሚንኮሻኮሸው መቆጣጠሪያው ሲዞር ብቻ ከሆነ ደግሞ መቆጣጠሪያውን ማጽዳት ሊበቃ ይችላል። አዲስ ቦርድ መንደፍ ተገቢ የሚሆነው መዳቡ ተበልቶ መስመሩ ሲበጠስ ነው።

ጩኸት በባትሪ ይከፈላል

ጀማሪዎች ሁሉ የሚመኙት ኃይለኛ አምፕሊፋየር ነው። እስቲ ሒሳቡን እንየው። ጆሯችን «ድምፁ እጥፍ ሆነ» እንዲል የአምፕሊፋየሩ ኃይል ወደ አሥር እጥፍ ገደማ ማደግ አለበት። ኃይሉን በእጥፍ ብንጨምር የሚገኘው ሦስት ዴሲቤል ብቻ ነው፤ ለጆሮ ጥቂት ለውጥ ነው። የጌሙ ስፒከር ደግሞ ትንሽ ናት፤ ከአቅሟ በላይ ከገፏት ትንፏቀቃለች እንጂ አትዘፍንም። ኪሳራው በባትሪው ላይ ያርፋል።

የአምፕሊፋየር ቺፕ ምርጫም በዚሁ ይወሰናል። በትምህርት መጻሕፍት ውስጥ የታወቀው ኤልኤም386 ቢያንስ አራት ቮልት ይፈልጋል። እ.ኤ.አ በ2001 የወጣው የኒንቴንዶ ጌም ቦይ አድቫንስ ግን የሚሠራው በሁለት ባትሪ ድንጋይ፣ ማለትም በሦስት ቮልት ነው። ለእርሱ ይህ ቺፕ አይሆንም። ፒኤኤም8302 የሚባለው ግን ከሁለት እስከ አምስት ቮልት ተኩል ባለው ሁሉ ይሠራል። «ክላስ ዲ» የሚባለው ዓይነት ስለሆነም ኃይሉን በሙቀት መልክ ብዙ አያባክንም። ልጅዎ ቺፕ ከመግዛቱ በፊት የአምራቹን መግለጫ ወረቀት ያንብብ፤ ከዚያም የጌሙን ቮልቴጅ በመልቲሜትር ይለካ።

ማጥራት እንዴት ነው?

አንደኛው ጠላት ከኃይል መስመሩ የሚመጣው እዝዝታ ነው። በጌሙ ውስጥ ቮልቴጅ ከፍና ዝቅ የሚያደርጉ ክፍሎች አሉ፤ የእነርሱ ርብሻ ወደ አምፕሊፋየሩ ከገባ ይጎላና በስፒከሩ ይወጣል። መድኃኒቱ ከቺፑ የኃይል እግር አጠገብ ሁለት ካፓሲተር ማስቀመጥ ነው፤ አንድ ትንሽ 0.1 ማይክሮፋራድ፣ አንድ ደግሞ 10 ማይክሮፋራድ። «አጠገብ» ስል ሚሊሜትሮች ማለቴ ነው። ከቦርዱ ማዶ ቢቀመጡ ጥቅማቸው ይቀንሳል።

ሁለተኛው ነገር ትንሿ ስፒከር ልታወጣው የማትችለውን ወፍራም ድምፅ ከመግቢያው ማስቀረት ነው። 10 ኪሎ ኦም ሬዚስተርና 0.1 ማይክሮፋራድ ካፓሲተር ሲጣመሩ ከ160 ኸርዝ ገደማ በታች ያለውን ድምፅ ያዳክማሉ። ስፒከሯ ትገላገላለች፣ ባትሪውም ይተርፋል፤ የጨዋታው ዜማም ጥርት ብሎ ይሰማል። ይህን ያህል ትንሽ ካፓሲተር በሴራሚክ ስለሚገኝ ፈሳሽ የለበትም፤ ያ የዓሣ ሽታ ተመልሶ አይመጣም።

ወረቀት ላይ ይለቅ

ቦርዱን ለመንደፍ ኪካድ የተባለው ሶፍትዌር በነፃ ይገኛል። በመጀመሪያ የግንኙነቱ ሥዕል፣ ቀጥሎ የመዳብ መስመሮቹ አቀማመጥ ይሣላል። የቦርዱ የታችኛው ገጽ በተቻለ መጠን ሳይቆራረጥ ለግራውንድ ይተው፤ የድምፅ መግቢያው መስመር አጭር ይሁን፣ ወደ ስፒከር ከሚሄደውም ይራቅ።

ቀጥሎ ለቤተሰብ የሚመች ሥራ አለ። ንድፉን በትክክለኛ መጠኑ በወረቀት አትሙና በመቀስ ቆርጣችሁ ጌሙ ውስጥ አስቀምጡት። የብሎኑ ቀዳዳ ገጠመ? ክዳኑ ይዘጋል? የድምፅ መቆጣጠሪያው ከጎን መስኮቱ ጋር ትይዩ ነው? የተለመደው የቦርድ ውፍረት 1.6 ሚሊሜትር ስለሆነ የአሮጌውንም ውፍረት ለኩ። ቦርድ የሚያትሙ ፋብሪካዎች ብዙዎቹ በትንሹ አምስት ቦርድ ያዘዘን ሰው ያስተናግዳሉ፤ ከውጭ ለሚያስመጣ ሰው ግን ማጓጓዣው ከቦርዱ ዋጋ ሊበልጥ ይችላል። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች እንዲሉ፣ ግማሽ ሰዓት የወረቀት ሥራ የሳምንታት ጥበቃን ያድናል።

ቦርዱ እስኪመጣ ልጅዎ እጁን ያፍታታ። ምናለሽ ተራ ጎራ ብላችሁ አንድ የተበላሸ ሬዲዮ ብትገዙ ጥሩ መለማመጃ ይሆናል።

ሲበየድና ሲሞከር

የመበየጃው ጫፍ ወደ 350 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ይግላል፤ ስለዚህ ትልቅ ሰው ከአጠገብ ይኑር፣ ሕፃናት ይራቁ፣ መስኮት ይከፈት። ብዙው የመበየጃ ሽቦ እርሳስ አለበት፤ ከሥራ በኋላ እጅ በሳሙና ይታጠባል፣ የምግብ ጠረጴዛም ለዚህ ሥራ አይውልም።

ባትሪ ከመግባቱ በፊት በኃይል መስመሩና በግራውንዱ መካከል ሾርት አለመኖሩ በመልቲሜትር ይታይ። አንድ ሌላ ጥንቃቄም አለ። ፒኤኤም8302 ሁለቱንም የስፒከር ገመዶች በራሱ ስለሚነዳ አንዳቸውም ከግራውንድ ጋር መገናኘት የለባቸውም፤ ከተገናኙ ቺፑ ሊቃጠል ይችላል። የጆሮ ማዳመጫ ሶኬት ደግሞ አንድ ገመዱ ከግራውንድ ጋር ነው። ስለዚህ ማዳመጫው በንድፉ ላይ የራሱ የተለየ መንገድ ይፈልጋል።

ስለ ማዳመጫ ካነሳን ወላጅ የሚወስነው አንድ ነገር አለ። የዓለም ጤና ድርጅት ለልጆች የሚመክረው ጣሪያ በሳምንት ለ40 ሰዓት 75 ዴሲቤል ነው፤ ለአዋቂ 80። የድሮ ጌሞች ይህን አይቆጣጠሩም፤ ንድፉ ግን ይችላል። ወደ ማዳመጫው በሚሄደው መስመር ላይ ሬዚስተር ጨምሮ መቆጣጠሪያው እስከ ጥግ ሲዞር እንኳ ድምፁ ልከኛ እንዲሆን ማድረግ ይቻላል። ይህን ውሳኔ ለልጁ ብቻ አይተዉለት፤ አብራችሁ አዳምጡና ሬዚስተሩን ምረጡ።

አሮጌው ቦርድ ይቀመጥ

በመጨረሻ አንድ ልማድ ልጨምር። አዲሱ ቦርድ በአሮጌው ብሎንና በአሮጌዎቹ የግንኙነት ነጥቦች ላይ እንዲገጥም ሆኖ ይነደፍ፤ የጌሙ ፕላስቲክ አይቆረጥ፣ ዋናው ቦርድ አይበሳ። የወጣው አሮጌ ቦርድ ከተጸዳ በኋላ በላስቲክ ተጠቅልሎ ይቀመጥ፤ ላዩ ላይ ቀንና የተቀየረው ነገር ይጻፍ። የበለጠ የሚያውቅ ሰው ነገ የተበላውን መዳብ በሽቦ ሊቀጥለው ይችላል፤ ምናልባትም ያ ሰው ከአምስት ዓመት በኋላ ራሱ ልጅዎ ይሆናል።

የጌሙ ዋጋ በገበያ ብዙ ላይሆን ይችላል። ከመቀየር በፊት መመርመርን፣ ከመግዛት በፊት መለካትን፣ ሌላው ሰው የሠራውን ሳያበላሹ መጠገንን የተማረ ልጅ ግን ለቤቱም ለሙያውም ይተርፋል። እንግዲህ መሳቢያውን ይክፈቱና አሮጌ ባትሪ ካለበት መጀመሪያ ያውጡለት።