«እንፋሎት እንጂ ትምባሆ አይደለም» ለሚሉን ወንድሞች

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ አሜን።

የተወደዳችሁ የሰንበት ትምህርት ቤታችን ልጆችና የቆሰበር ምእመናን! (ወጣቶቹ «እንጅባራ በል» እንደምትሉኝ አውቃለሁ፤ የለመደ አፍ ነውና ታገሡኝ።) ዛሬ የምንነጋገረው ብዙዎቻችሁ «ቬፕ» ስለምትሉት የኤሌክትሮኒክስ ሲጋራ ነው። ይልቁንም የስልክ ቪዲዮ እያዩ ከአሮጌ ባትሪና ከሽቦ በእጅ ስለሚገጣጥሙት ነው። ሲጋራን በግልጽ የሚያጨስ ሰው ቢያንስ የሚያደርገውን ነገር በስሙ ይጠራዋል። ይህን መሣሪያ የያዘው ግን ሲጠየቅ ፈጥኖ ይመልሳል፤ ትምባሆ አይደለም፣ እንፋሎት ነው፤ አልገዛሁትም፣ በገዛ እጄ ሠራሁት፤ በመጽሐፍም ስሙ ተጠቅሶ አልተከለከለም ይላል። እነዚህን መልሶች ሳንንቅ እንመርምራቸው። እኔ የምጀምረው «በእጄ ሠራሁት» ከሚለው ነው፤ ብዙ ወላጆች የማይገባቸው፣ ልጆቹም የሚኮሩበት እርሱ ነውና።

ነገሩ በአካል ምንድን ነው? አንድ የብረት ቱቦ፣ በውስጡ ባትሪ፣ ከታች ወይም ከጎን መጫኛ፣ ከላይ የተጠመጠመ ቀጭን ሽቦ፣ በሽቦው መካከል በፈሳሽ የራሰ ጥጥ ነው። መጫኛው ሲጫን ሽቦው ይግላል፤ ፈሳሹም ይተናል፤ ሰውየው ይስበዋል። ፋብሪካ ከሚሠራቸው ብዙዎቹ በውስጣቸው አነስተኛ የኤሌክትሮኒክስ ሰሌዳ አላቸው። ሰሌዳው ሾርት ሲፈጠር ያቋርጣል፤ ባትሪው ሲደክም ያቆማል፤ ጣት ከመጫኛው ሳይነሣ ቢቆይ ይዘጋል። በእጅ የተሠራው ግን ይህ የለውም። ባትሪውና ሽቦው በቀጥታ ተገናኝተዋል፤ በመካከላቸው «ይበቃል» የሚል ነገር አልተቀመጠም።

በየዓመቱ ጥር 23 ቀን በከተማችን የአገው ፈረሰኞችን ትርኢት የምታዩ ሁላችሁ ይህን ለመረዳት የኤሌክትሪክ ትምህርት አያስፈልጋችሁም። የሰባት ቤት አገው ፈረሰኞች ማኅበር ከተመሠረተበት ከ1932 ዓ.ም. ጀምሮ ስንት ፈረስ በሜዳው ላይ ጋልቧል! ከመካከላቸው ልጓም ሳያገባ ፈረሱን ኮልኩሎ ወደ ሕዝብ መካከል የሚለቅ ፈረሰኛ አይታችኋል? ቢኖር ጎበዝ ትሉታላችሁ ወይስ ትይዙታላችሁ?

ቁጥሩን ደግሞ አብረን እንሥራው፤ የሁለተኛ ደረጃ ተማሪ ሁሉ የተማረው የኦም ሕግ ነው። ለዚህ ሥራ የሚመረጠው ባትሪ 18650 የሚባለው፣ 18 ሚሊ ሜትር ውፍረትና 65 ሚሊ ሜትር ርዝመት ያለው፣ ከአሮጌ ላፕቶፕ ወይም ከፓወር ባንክ የሚወጣው የሊቲየም ባትሪ ነው። ሲሞላ 4.2 ቮልት ይሆናል። ሽቦው 0.2 ኦም ቢሆን 4.2 ሲካፈል ለ0.2፣ 21 አምፒር ይሄድበታል። እናቶቻችሁ እንጀራ የሚጋግሩበት ባለ 3500 ወይም ባለ 4000 ዋት የኤሌክትሪክ ምጣድ በ220 ቮልት የሚስበው ከ16 እስከ 18 አምፒር ያህል ነው። ኃይሉ እኩል ነው ማለቴ አይደለም፤ ቮልቱ ይለያያልና። የምናገረው በሽቦው ውስጥ ስለሚፈሰው የአምፒር ብዛት ነው። ለምጣድ ወፍራም ገመድ የምንዘረጋው፣ ለብቻው ማቋረጫ የምናበጅለት ለዚህ አይደለምን? ከላፕቶፕ የሚወጡት ባትሪዎች ብዙዎቹ ግን ከ10 አምፒር በታች እንዲሰጡ የተሠሩ ናቸው። ልጁ ከምጣድ የሚበልጥ ፍሰት የሚጠይቀው ጣት ከምታህል ባትሪ ነው፤ ይዞትም የሚቀመጠው በፊቱ ትይዩ ነው።

ከዚህ የሚብሰው «ብልሽት ማስተካከል» የሚሉት ነው። መሣሪያው መናገር አይችልም እንጂ በራሱ መንገድ ይጮኻል። ቱቦው ሲግል፣ መጫኛው ሲጣበቅ፣ የተቃጠለ ጥጥ ሽታ ሲመጣ ሁሉም ማስጠንቀቂያ ነው። የሠራው ሰው ምን ያደርጋል? እንፋሎቱ አነሰ ብሎ ሽቦውን ያሳጥራል፤ ሽቦው ሲያጥር ተቃውሞው ወደ 0.1 ኦም ይወርዳል፤ 21 የነበረው አምፒር 42 ይሆናል። ቱቦው እጁን ሲያቃጥለው ፕላስተር ይጠመጥምበታል። የባትሪው ስስ የፕላስቲክ ልባስ ሲቀደድ «ጥቂት ነው» ብሎ ያልፈዋል። የዚህ ባትሪ የብረት አካል ከታች ጀምሮ እስከ ላይኛው ጫፍ አጠገብ ድረስ ኔጋቲቭ መሆኑን፣ በዚያች ስስ ልባስ ብቻ ከቱቦው ብረት መለየቱን አይመለከትም። የጥጡ ማረር እንኳ የጣዕም ጉዳይ ብቻ ይመስለዋል። ፈሳሹ ከልክ በላይ ሲግል ፎርማልዴሃይድና አክሮሊን የሚባሉ መርዛማ ጋዞች ይወልዳል፤ ጉሮሮውን የከነከነው እርሱ ሊሆን ይችላል። እንዲህ ያለው ሰው መሣሪያውን አልጠገነም፤ ምስክሩን ዝም አሰኘ እንጂ።

የሊቲየም ባትሪ ከልኩ ሲያልፍ በውስጡ ሙቀት ሙቀትን ይወልዳል፤ ጋዝ ይፈጠራል፤ ጋዙ መውጫ ይፈልጋል። ቱቦው መተንፈሻ ከሌለው አንደኛው ጫፍ እንደ ጥይት ይፈናጠራል። ይህ ማስፈራሪያ ተረት አይደለም። በአሜሪካ በፍሎሪዳ ግዛት በ2010 ዓ.ም. በሚያዝያ ወር መጨረሻ አንድ ሰው የሚያጨስበት መሣሪያ ፈንድቶ ስባሪው ጭንቅላቱ ውስጥ ገብቶ ሞተ። በ2011 ዓ.ም. በጥር ወር በቴክሳስ አንድ የ24 ዓመት ወጣት በተመሳሳይ ፍንዳታ የአንገቱ ደም ሥር ተቆርጦ አረፈ። እነዚያ ባትሪ በየሱቁ ከነደረጃው በሚሸጥበት አገር፣ አምቡላንስ በደቂቃዎች ውስጥ በሚደርስበት ከተማ የነበሩ ናቸው። እኛ ግን ባትሪውን የምናገኘው ስንት ዓመት እንዳገለገለ ከማይታወቅ ላፕቶፕ ነው።

ወደ «እንፋሎት ነው» እንመለስ። የገንቦ ውኃ ሲፈላ የሚወጣው እንፋሎት ነው። ይህ ግን ፕሮፒሊን ግላይኮል፣ ግሊሰሪን፣ ማጣፈጫና አብዛኛውን ጊዜ ኒኮቲን የያዘ ጭጋግ ነው። ኒኮቲን ደግሞ ትምባሆን ሱስ የሚያደርገው ራሱ ነገር ነው፤ ዕቃው ስለተለወጠ ባሕርይው አልተለወጠም። ጠላ ከእንስራ ወደ ብርሌ ቢገለበጥ ውኃ ይሆናልን? ፈሳሹን በቤት የሚቀላቅሉ ሰዎች ነገር ደግሞ ሌላ ነው። በአሜሪካ በ2011 እና በ2012 ዓ.ም. በተነሣው የሳንባ ሕመም እስከ የካቲት 2012 ዓ.ም. ድረስ 2,807 ሰዎች ሆስፒታል ገብተው ወይም ሞተው ተመዝግበዋል፤ የሞቱት 68 ነበሩ። እውነቱን ሳንሸፋፍን እንናገር፤ ከታመሙት ብዙዎቹ የተጠቀሙት የካናቢስ ዘይት የነበረበትን ነው፤ በዋናነት የተጠረጠረውም ማወፈሪያ ተብሎ የተጨመረ የቫይታሚን ኢ ዘይት ነው። ይሁን እንጂ ፈሳሹን በአብዛኛው ያገኙት ከወዳጅ፣ ከዘመድና ከመንደር ሻጭ ነበር። በሆድ ውስጥ ጤናማ የሆነ ዘይት በሳንባ ውስጥ መርዝ ሊሆን እንደሚችል ያወቁት ከታመሙ በኋላ ነው። በቤት ውስጥ ታናናሽ ወንድሞችና እኅቶች ያሏችሁም አስቡ፤ የኒኮቲን ፈሳሽ ሕፃን ቢጠጣው ይመርዘዋል፤ በቆዳም ይገባል።

«ሲጋራ ለማቆም ይረዳል» የሚሉም አሉ። ይህን ክርክር በንቀት ልናልፈው አይገባም። ዘመናዊውን የኤሌክትሮኒክስ ሲጋራ እ.ኤ.አ. በ2003 የሠራው ቻይናዊ የመድኃኒት ባለሙያ ራሱ አጫሽ ነበር፤ በእንግሊዝ አገርም የጤና ተቋማት አዋቂ አጫሾች ሲጋራን እንዲተዉበት ይመክራሉ፤ ያም ቁጥጥር የሚደረግበትን ነው። ነገር ግን ወንድሜ፣ አንተ የምታቆመው የትኛውን ሲጋራ ነው? ጨርሶ አጭሶ የማያውቅ የ17 ዓመት ልጅ የማቆሚያ መሣሪያ መያዙ፣ ሳይታመም ምርኩዝ እንደመያዝ ነው፤ ቆይቶ ግን ያለ ምርኩዙ መሄድ ያቅተዋል።

አገራችን በዚህ ነገር ቸልተኛ አይደለችም። በ2011 ዓ.ም. የወጣው የምግብና መድኃኒት አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1112 የኤሌክትሮኒክስ ሲጋራን፣ ሺሻንና ጣዕም የተጨመረበትን ትምባሆ ከገበያ ከልክሏል፤ ትምባሆም ከ21 ዓመት በታች ለሆነ ሰው እንዳይሸጥ አዝዟል። እንግዲህ «ሱቅ ስለማይሸጥ ሠራሁት» ማለት በበር የተከለከለውን በመስኮት ማስገባት ነው። በ2016 እ.ኤ.አ. በተደረገው ጥናት በኢትዮጵያ ከ100 አዋቂዎች ትምባሆ የሚጠቀሙት 5 ብቻ ነበሩ። በዚያው ዓመት የጃፓን ትምባሆ ኩባንያ ከብሔራዊ ትምባሆ ድርጅት 40 ከመቶውን ድርሻ በ510 ሚሊዮን ዶላር ገዛ። ነጋዴ ይህን ያህል ገንዘብ የሚያፈስሰው ስለ አምስቱ ነው ወይስ ስለ ዘጠና አምስቱ? መልሱን ለእናንተ እተዋለሁ።

አሁን ወደ ቤተ ክርስቲያን ጥያቄ እንግባ። ከሽማግሌዎች ትምባሆ በአርዮስ መቃብር ላይ የበቀለ ቅጠል ነው ሲባል ሰምተን ይሆናል። ይህን ለክርክር አታቅርቡት። አርዮስ የሞተው በ336 ዓ.ም. እ.ኤ.አ. ነው፤ ትምባሆ ደግሞ የአሜሪካ ምድር ተክል ነው፤ ወደ እኛ የደረሰው ከዚያ ከሺህ ዓመት በላይ ቆይቶ ነው። አባቶች በተረቱ የገለጡት ጥላቻቸውን ነው፤ እኛ ግን እውነት እያለልን በተረት መደገፍ አያስፈልገንም። ዐፄ ዮሐንስ 4ኛም ትምባሆን ከልክለው የሚያጨሰውን ከንፈሩን ያስቆርጡ እንደነበር ተጽፏል። ያንን ዘመን የምናፍቅ አይደለሁም፤ በመቀስ ፍርሃት የተጠበቀ ከንፈር መቀሱ ሲነሣ ወደ ልማዱ ይመለሳል።

«ቡናም በአባቶች ዘንድ የተነወረ ነበር፤ ዛሬ ግን ካህኑም ይጠጣል» የሚል ብልህ ልጅ አይጠፋም። እውነት ነው። ቡና የተነወረው ግን የሌላ ሃይማኖት ሰዎች መለያ ተደርጎ ስለታየ ነበር፤ መለያነቱ ሲቀር ነውሩ ቀረ። ትምባሆን የሚከሰው ግን የጠጪው ማንነት አይደለም፣ የሳንባው መበላሸትና የፈቃዱ መታሰር ነው፤ ይህም በጊዜ ብዛት አይሽርም። «ዕጣንስ ጭስ አይደለምን?» ለሚለው መልሱ አጭር ነው፤ ዕጣን ወደ ላይ የሚቀርብ መሥዋዕት ነው፤ በጽና ላይ አፉን ደፍቶ የሚስብ ዲያቆን አላየንም። በፋግታ ለኮማ ደከረንስ እያከሰሉ የሚኖሩ ወንድሞቻችን ጭስ የሚውጡት ለልጆቻቸው እንጀራ ብለው ነው፤ ቢቻላቸው ዛሬውኑ በተዉት። እናንተ ግን ንጹሕ አየር ባለበት፣ ዘንገና ሐይቅ አጠገብ ቁጭ ብላችሁ ጭስ ትሠራላችሁ!

በመጽሐፍ ስሙ አልተጠቀሰም? አዎን፣ የባትሪም ስም አልተጠቀሰም። ሐዋርያው ቅዱስ ጳውሎስ ለቆሮንቶስ ሰዎች በመጀመሪያው መልእክቱ በምዕራፍ 6 ስለዚህ ነገር ሁለት ነገር አስተምሮናል፤ ሥጋችን የመንፈስ ቅዱስ ማደሪያ እንጂ የግላችን እንዳልሆነ፣ የተፈቀደ ነገር እንኳ ቢሆን ጌታ ሆኖ ሊገዛን እንደማይገባው። ቤተ ክርስቲያን በዓመት ውስጥ ይህን ሁሉ የጾም ቀን የሠራችልን የተፈቀደውን ወተትና ሥጋ እንኳ «ይበቃል» ማለት እንድንለምድ ነው። በዐቢይ ጾም ከወተት ተከልክሎ በኪሱ ኒኮቲን ይዞ የሚያስቀድስ ወጣት ሆዱን ጾመ፤ ሱሱ ግን አልጾመም።

አንተ ግን መሣሪያውን የሠራኸው ወንድሜ፣ ይህን ሁሉ ያልኩህ እጅህን ንቄ አይደለም። ከወደቀ ላፕቶፕ ባትሪ አውጥቶ ሽቦ ጠምጥሞ የሚያሠራ ልጅ ሰነፍ አይደለም። ዛሬ ማታ ባትሪውን አውጣ። ሁለቱንም ጫፉን በፕላስተር ሸፍን፤ ቆሻሻ ማቃጠያ ውስጥ ወይም ከሰል ምድጃ አጠገብ አትጣለው፤ ከቁልፍና ከሳንቲም ጋር በኪስህ አትያዝ። ፈሳሹን ሕፃናት ከማይደርሱበት አርቅ። ሱሱ ካስቸገረህ ለንስሐ አባትህ ንገር፤ ወደ ጤና ጣቢያም ሂድ፤ አንዱ ሌላውን አይተካም። እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ደግሞ ብየዳህን ይዘህ ና። የመዘምራኑ ማጉያ ከጥምቀት ጀምሮ ድምፁ ይቆራረጣል፤ ገመዱ ይሁን ሰሌዳው እስካሁን የለየልን ሰው የለም።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።