ማጀት ውስጥ ለሚገባው ጋዝ ተጠያቂው ማነው?

ጋይንት፣ ስማዳና እስቴ ኩበት የሚነድበት አገር ነው። ማሳ ማዳበር የነበረበት እበት ምድጃ ውስጥ አመድ ይሆናል፤ የእናቶቻችንም ዓይን በጭስ ያልቃል። እናም ከእበት ጋዝ የሚያወጣው ባዮጋዝ ለዚህ አገር ቅንጦት ነው የሚል ካለ አልስማማም። የእኔ ጥያቄ ሌላ ነው። ጉድጓዱን የሚገነባው፣ ቧንቧውን የሚቀጥለው፣ ሲበላሽ የሚጠግነው ማነው? ችሎታውንስ ማን መሰከረለት?

ብሔራዊ የባዮጋዝ ፕሮግራም በ2001 ዓ.ም. በአማራ፣ በኦሮሚያ፣ በትግራይና በደቡብ ሲጀመር ግንበኞችን አሠልጥኖ ነበር። በመጀመሪያው ምዕራፍ 14 ሺህ ማብላያ ሊገነባ አቅዶ 8 ሺህ ያህል ገነባ። ይበል! ነገር ግን ከተገነቡት ብዙዎቹ ሥራ ማቆማቸውን ጥናቶች ደጋግመው ነግረውናል። ከምክንያቶቹ አንዱ ጠጋኝ መጥፋቱ ነው። ሪባን ቆራጭማ መቼ ጠፍቶ!

ጋዙ ደግሞ ቀልድ አያውቅም። ከግማሽ በላይ የሚሆነው ሜቴን ነው፤ በተዘጋ ማጀት ከተጠራቀመ አንዲት ክብሪት ትበቃዋለች። እንደ ገማ እንቁላል የሚሸተው ሃይድሮጅን ሰልፋይድ ሲበዛ አፍንጫን ያደነዝዛል። እያሳሳቀ ይወስዳል ማለት ይሄ ነው! ጉድጓዱን ልጥረግ ብሎ የገባ ሰው ላይወጣ ይችላል። ሥራውም ልምድ ብቻ አይበቃውም። ከ3,000 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ባለችው ነፋስ መውጫ ብርዱ የጋዙን መመረት ያዘገየዋል፤ ለስማዳ ቆላ የሚበቃው ልክ ለዚያ አይበቃም። ይህን የሚያውቀው የተማረ ባለሙያ ነው።

እንግሊዝ አገር የቤት ጋዝ የሚነካ ሠራተኛ በሕግ መመዝገብ አለበት። ፎቶግራፉ ያለበት ካርድ ይይዛል፤ በጀርባው የተፈቀደለት የሥራ ዓይነት ተጽፏል። እኛም አገር ቢሆን ታክሲ ነጂ መንጃ ፈቃድ ይጠየቃል። የኤሌክትሪክ ሠራተኛም የብቃት ማረጋገጫ እንዲኖረው በ2006 ዓ.ም. የወጣው የኢነርጂ አዋጅ ቁጥር 810 ያዛል። ታዲያ ማጀታችን ድረስ ጋዝ የሚዘረጋውን ሰው "ወረቀትህን አሳየን" ብንለው ምን ነውር አለው?

የምለው ከባድ አይደለም። ወረዳዎቹ የሠለጠኑትን ሰዎች ስም በየቀበሌው ይለጥፉ፤ መታወቂያም ይስጧቸው። የቴክኒክና ሙያ ኮሌጆች ጥገናውን ከነጥንቃቄው አስተምረው ይፈትኑ። እስከዚያው ባላገሩ የቧንቧውን መጋጠሚያ በሳሙና አረፋ ይፈትሽ እንጂ ክብሪት አይጫርበት።

ሰው ካለቀ በኋላ "ባለሙያ አልነበረም" የሚል መግለጫ አንፈልግም። አለመኖሩን ዛሬም እናውቀዋለንና!