የሰማያችን መዝገብ እንዳይቋረጥ

በየስብሰባው ስለ አየር ንብረት መለወጥ ንግግር ሲደረግ እንሰማለን፤ እናጨበጭባለንም። ነገር ግን ከራሳችን ጣራ በላይ ባለው አየር ውስጥ ምን ያህል ሚቴን፥ ምን ያህል ኦዞን እንዳለ የጠየቀ ተማሪ ከመካከላችን ስንት ነው? ጉዳዩ የፊዚክስ ተማሪዎች ብቻ ነው የሚለውን እኛ አንቀበልም።

የልኬቱ ዘዴ ለማስረዳት አይከብድም። ፀሐይ እንደ መብራት ታገለግላለች። ብርሃኗ አየሩን አቋርጦ ወደ ምድር ሲደርስ እንደ ሚቴንና እንደ ኦዞን ያለው ጋዝ ሁሉ ለዓይን ከማይታየው የኢንፍራሬድ ብርሃን የራሱን ድርሻ ያስቀራል። ስፔክትሮሜትር የተባለው መሣሪያ የጎደለውን ለይቶ ይመዘግባል፤ ከጉድለቱም የጋዙ መጠን በስሌት ይገኛል። ደመና ሲሸፍን ሥራው ይቆማል። (የአዲስ አበባ ክረምት ለዚህ ሥራ ወዳጅ አለመሆኑን መናገር አያሻም።)

በስዊስ አገር፥ ከፍታው 3580 ሜትር በሆነው በዩንግፍራውዮኽ፥ የቤልጂጉ ሊቅ ማርሴል ሚዦት በ1950 እና በ1951 እ.ኤ.አ. የፀሐይን ብርሃን በዚህ መንገድ መዝግቦ ነበር። ሚቴን በአየር ውስጥ መኖሩን በ1948 ያስታወቀው ይኸው ሰው ነው። መዝገቡ ተጠብቆ በመቆየቱ፥ ከብዙ ዓመታት በኋላ የተነሡ ተመራማሪዎች አሮጌውን ከአዲሱ አስተያይተው የሚቴንንና የካርቦን ሞኖክሳይድን መጨመር ለማወቅ ቻሉ። ያ መዝገብ ባይኖር ኖሮ በምን ገንዘብ ይገዛ ነበር? ያለፈ ዓመት አየር ተመልሶ አይለካም።

ወደ አገራችን እንመለስ። ከ2009 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ሊቃውንት ከጀርመን አገር ከካርልስሩኸ ተመራማሪዎች ጋር በመተባበር፥ 2443 ሜትር ከፍታ ላይ እንዲህ ባለው መሣሪያ የኦዞንን መጠን ለክተዋል፤ ውጤቱንም ከሳተላይቶች ልኬት ጋር አስተያይተው በ2013 አሳትመዋል። ሳተላይት ከላይ ያየውን ከምድር የሚያረጋግጥለት ያስፈልገዋል፤ በሐሩር አፍሪካ ግን እንዲህ ያለ ጣቢያ እጅግ ጥቂት ነው።

የሚያሳስበን ሌላ ነው። በማናቸውም ዩኒቨርሲቲ ቢሆን፥ ለአንድ የመመረቂያ ጽሑፍ የሚበቃ የሁለት ዓመት ልኬት ከተገኘ ሥራው ተፈጸመ ማለት ነውን? ፀሐይን የሚከተለውን መስታወት የሚወለውል፥ መብራት ሲጠፋ መሣሪያውን የሚጠብቅ ቴክኒሻን ያስፈልጋል። ደመወዙም ከውጭ እርዳታ ሳይሆን ከራሳችን መደበኛ በጀት ሊመደብ ይገባል። ከሳይንስ ፋኩልቲ ውጭ ያሉ ወንድሞቻችንና እኅቶቻችን የገንዘቡን ነገር ከእኛ ይበልጥ ስለሚያውቁት፥ ጉዳዩ በሚቀጥለው የማኅበሩ ስብሰባ አጀንዳ ላይ እንዲያዝ አብረውን እንዲጠይቁ እንፈልጋለን።